በአንድ ቀን የሚጠወልግ አበባ እንዴት ቤተሰብ ያኖራል?

አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ፣ ስሙን ባታውቁትም ዴይሊሊን በእርግጥ አይታችሁታል። በጁን መጨረሻና በጁላይ በየመንገዱ ዳር ተሰብስቦ የሚያብበው ብርቱካናማ አበባ ዴይሊሊ ነው። በገበያ ማዕከል የመኪና ማቆሚያ፣ በባንክ ደጃፍ፣ በትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚተከለው አጠር ያለ ቢጫ አበባም ብዙ ጊዜ ዴይሊሊ ነው። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ትልቅ ሣር ይመስላል። ከቅጠሎቹ መካከል ቀጥ ያለ ዘንግ ይወጣል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ብዙ እምቡጦች ይታያሉ። እምቡጥ ማለት ገና ያልፈነዳ አበባ ነው።

ይህን አበባ ከሌሎች አበቦች ልዩ የሚያደርገው ዕድሜው ነው። ጠዋት ይፈነዳል፣ ቀኑን ሙሉ ደምቆ ይውላል፣ ማታ ይጠወልጋል። በማግስቱ ሌላ እምቡጥ ይፈነዳል። አንድ ተክል ብዙ እምቡጦች ስላሉት ለሳምንታት ያበበ ይመስለናል፤ ነገር ግን ዛሬ የምናየው አበባ የትናንቱ አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። «ሄሜሮካሊስ» የሚለው ስም «ቀን» እና «ውበት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ነው።

ታዲያ በአንድ ቀን የሚጠወልግ አበባ እንዴት ይሸጣል? በአሜሪካ ገጠር ከዚህ አበባ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች አሉ። አንዳንዶቹ ሥራውን ከወላጆቻቸው የተረከቡ ናቸው። ምሥጢሩ ምንድን ነው?

የሚሸጠው አበባው አይደለም

ስለ አበባ ንግድ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ጽጌረዳን ነው። ኢትዮጵያም በጽጌረዳ የታወቀች አገር ናት። በዝዋይና በሆለታ አካባቢ በትልልቅ የፕላስቲክ ቤቶች የሚበቅለው ጽጌረዳ ይቆረጣል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። ጽጌረዳ ከተቆረጠ በኋላ በውኃ ውስጥ ለብዙ ቀናት ስለሚቆይ ይህ ሁሉ ጉዞ ያዋጣል።

ዴይሊሊ ግን ለዚህ አይሆንም። ጠዋት የቆረጣችሁት አበባ ማታ አብቅቶለታል። ስለዚህ የዴይሊሊ ገበሬ የሚሸጠው አበባውን ሳይሆን ተክሉን ነው።

ሽያጩ የሚቆጠረው በ«ፋን» ነው። ፋን ማለት ማራገቢያ ማለት ነው። የዴይሊሊ ቡቃያ ቅጠሎቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሲወጣ የተከፈተ ማራገቢያ ስለሚመስል ይህ ስም ወጣለት። እያንዳንዱ ፋን የራሱ ቅጠልና የራሱ ሥር አለው። ሥሩ ወፈር ያለ ነው፤ ውኃና ምግብ ያጠራቅማል። ለዚህም ነው ተክሉ በቀላሉ የማይሞተው። ገበሬው ይነቅለዋል፣ አፈሩን ያጥብለታል፣ ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርቶ ይቆርጠዋል፣ በካርቶን አሽጎም በፖስታ ይልከዋል። (ስንዝር ማለት መዳፋችሁን ስትዘረጉ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው።) ተክሉ ያለ አፈር ለብዙ ቀናት ቆይቶ እንደገና ሲተከል ይነሳል።

ታዲያ አበባው ምን ይሠራል? አበባው ደንበኛ ይጠራል። ማንም ሰው ቅጠልና ሥር ብቻ አይቶ ልቡ አይሳብም። ብዙ እርሻዎች አበባው በሚፈነዳባቸው ሳምንታት በራቸውን ለጎብኚ ይከፍታሉ። ሰዎች በመስመሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ያያሉ፤ «ይህን እፈልጋለሁ» ይላሉ፤ ገበሬውም እዚያው ቆፍሮ ይሰጣቸዋል። ይህ ጊዜ አጭር ነው። እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ቢለያይም፣ አበባው በብዛት የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከባድ ዝናብ ወይም ኃይለኛ ሙቀት ከመጣና ሰው ከቀረ፣ የዓመቱ ገቢ ይጎዳል።

ሥሩን መክፈል

አንድ ፋን ሲተከል ከጎኑ አዲስ ፋን ያወጣል። አዲሱም በተራው ሌላ ያወጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙ ፋኖች ተጠጋግተው አንድ ትልቅ ተክል ይሆናሉ። ገበሬው ይህን ተክል ይነቅልና አንድ በአንድ ይለያየዋል። የተለያዩት ሁሉ ከመጀመሪያው ተክል ጋር አንድ ናቸው፤ ቀለማቸውም፣ ቁመታቸውም፣ የሚያብቡበት ጊዜም አይለይም።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰት የሚባዛው በዘር ሳይሆን፣ ከመሬት በታች ካለው የእናቲቱ ግንድ በሚወጡ ቡቃያዎች ነው። ቆጮና ቡላ የምንበላው ከዚህ ተክል ነው። ሙዝም እንዲሁ ከጎኑ በሚወጣ ቡቃያ ይባዛል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ፋን በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል ብለን እናስብ። ከአንድ ዓመት በኋላ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16፣ በአምስተኛው ዓመት 32 ይሆናል። በአሥረኛው ዓመት ደግሞ 1,024! ደስ የሚል ቁጥር ነው። ነገር ግን ገበሬው ገንዘብ ቸግሮት በየዓመቱ ግማሹን ቢሸጥስ? በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ይሆንለታል፤ አንዱን ይሸጣል፤ አንድ ይቀረዋል። በሁለተኛው ዓመትም እንደዚሁ። አሥር ዓመት ሠርቶም በእጁ ያለው አንድ ፋን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከመሸጥ ይልቅ ሳይሸጡ መቆየት ይከብዳል። ዛሬ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለነገ ብሎ መሬት ውስጥ የሚተው ቤተሰብ ብቻ ነው የሚያድገው።

ዋጋውም ከዚሁ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ ዝርያ ሲወጣ በዓለም ላይ ያለው ጥቂት ፋን ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ከ100 ዶላር በላይ ሊሸጥ ይችላል። ዓመታት አልፈው በየእርሻው ሲባዛ ዋጋው እየወረደ ወደ አሥር ዶላር ገደማ ሊደርስ ይችላል። አበባው ያው ነው፤ ውበቱ አልቀነሰም። ብርቅ መሆኑ ብቻ ቀርቷል።

አንድ ልጅ ያነሳው ጥያቄ

ዴይሊሊ የመጣው ከምሥራቅ እስያ ነው፤ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከጃፓን። ቻይናውያን የደረቀ እምቡጡን በሾርባ ውስጥ ይበሉታል። አበባው በእነርሱ ዘንድ የእናት ምልክት ነው፤ «ሐሳብ የሚያስረሳ ተክል» የሚል ስምም አለው። በድሮ ጊዜ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ከመሄዱ በፊት፣ እናቱ እርሱን እያሰበች እንዳትጨነቅ በቤቷ አጠገብ ይህን አበባ ይተክልላት ነበር ይባላል።

ብርቱካናማው ዴይሊሊ ከእስያ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ ከዚያም ከአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዊስኮንሲን ግዛት ያደገ አርሎ ስታውት የሚባል ልጅ በእናቱ የአትክልት ቦታ ይህን አበባ ያይ ነበር። አንድ ነገር ገረመው። አበባው በየዓመቱ ያብባል፤ ዘር ግን አይቋጥርም። ለምን?

ስታውት አድጎ የዕፅዋት ሳይንቲስት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ሥራ ጀመረ፤ ያንንም ጥያቄ ይዞ ዴይሊሊን ለአሥርተ ዓመታት አጠና። መልሱ በክሮሞሶም ቁጥር ውስጥ የተደበቀ ነበር። የተለመደው ዴይሊሊ 22 ክሮሞሶም አለው፤ ለሁለት እኩል ይካፈላል። የመንገድ ዳሩ ብርቱካናማ ዴይሊሊ ግን 33 አለው። 33 ለሁለት እኩል ስለማይካፈል ተክሉ ዘር መሥራት ይቸግረዋል። ስለዚህ በየመንገዱ የምናየው ብርቱካናማ አበባ በአብዛኛው በሰው እጅ ከግቢ ወደ ግቢ የተሻገረ ወይም በሥሩ የተስፋፋ ነው።

ስታውት በዚህ አላቆመም። ከእስያ የመጡ የተለያዩ ዴይሊሊዎችን እያዳቀለ አዳዲስ ቀለሞችን አወጣ። የጥንቶቹ በአብዛኛው ቢጫና ብርቱካናማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 «ቴሮን» የተባለ ቀይ ዴይሊሊ ለሕዝብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ስለ ዴይሊሊ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ዛሬ ሮዝ፣ ሐምራዊና ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቀይ ዴይሊሊ አለ። ንጹሕ ሰማያዊ ግን እስካሁን አልተገኘም። ብዙዎች አሁንም እየሞከሩ ነው።

ማዳቀል በቤት ውስጥም የሚሠራ ነገር ነው። በአበባው መካከል ስድስት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ፤ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ብናኝ አለ። ከእነርሱ ረዘም ያለ አንድ ሌላ ዘንግም አለ። ጠዋት የአንዱን አበባ ብናኝ ወስዳችሁ በሌላው አበባ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ትነካላችሁ። በቃ! ከተሳካ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ዘር ይደርሳል። ዘሩ ተዘርቶ የመጀመሪያውን አበባ እስኪያሳይ ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከሥር የተከፈለ ተክል እናቱን ነው የሚሆነው። ከዘር የበቀለ ግን እናቱንም አባቱንም አይሆንም፤ ከሁለቱም ወስዶ ራሱን የቻለ አዲስ አበባ ነው። ከሺህ ችግኞች መካከል አርቢው መርጦ ስም የሚያወጣላቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። እርሻው ሁለቱንም ይፈልጋል። ሥር ባይከፈል የድሮው ይጠፋል፤ ዘር ባይዘራ አዲስ ነገር አይመጣም።

አዲስ ዝርያ ለማውጣት ሳይንቲስት መሆን ግዴታ አይደለም። በየመኪና ማቆሚያው የምናያት አጭሯ ቢጫ አበባ «ስቴላ ዴ ኦሮ» ትባላለች። በኢንዲያና ግዛት ይኖር የነበረው ዋልተር ጃብሎንስኪ አዳቅሎ ያወጣት ሲሆን፣ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። አብዛኞቹ ዴይሊሊዎች ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲያብቡ፣ እርሷ ደጋግማ ስለምታብብ በመላው አሜሪካ ተወደደች። እ.ኤ.አ. በ1985 በስታውት ስም የተሰየመውን የብር ሜዳሊያ አገኘች። የዴይሊሊን ስሞች የሚመዘግበው የአሜሪካ ዴይሊሊ ማኅበር ነው። እስካሁን ከ100,000 በላይ ስሞች ተመዝግበዋል።

የእርሻው ዓመትና የቤተሰቡ ሥራ

በጸደይ ቅጠሉ ከመሬት ብቅ ሲል አረም ማረም ይጀመራል። መሬቱ ብስባሽ ይሰጠዋል፤ የተላኩ ትዕዛዞች ይዘጋጃሉ። በጁንና በጁላይ ጎብኚ ይመጣል። በነሐሴና በመስከረም ትልልቆቹ ተክሎች ተነቅለው ይከፈላሉ፤ ብዙ ካርቶንም በፖስታ ይላካል። በክረምት ደግሞ ሥራው ወደ ቤት ይገባል። ፎቶ ይመረጣል፣ ዋጋ ይወጣል፣ ዝርዝር ይጻፋል።

አበባው በሚፈነዳበት ወቅት የማይቀር አንድ የየዕለት ሥራ አለ፤ የትናንቱን አበባ መልቀም። የጠወለገው አበባ ከዘንጉ ላይ ካልተነሳ አዲሱን ይሸፍነዋል፤ እርሻውም ያረጀ ይመስላል። ስለዚህ ጎብኚ ከመድረሱ በፊት ባልዲ ተይዞ በየመስመሩ ይለቀማል። ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ልጆች ይችሉታል። አንዱ ይለቅማል፣ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ገንዘብ ይቀበላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ወላጆቻችሁ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ካላቸው ይህን ሕይወት ታውቁታላችሁ። የቤት ሥራችሁን በባንኮኒው ጥግ ሠርታችሁ ታውቁ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን የስም ምልክቱ ነው። ከእያንዳንዱ ተክል አጠገብ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ሳህን መሬት ላይ ይተከላል። ከ100,000 በላይ ስሞች ባሉበት ዓለም፣ ሁለት ቢጫ አበቦችን በዓይን ብቻ መለየት በጣም ከባድ ነው። ምልክቱ ጠፍቶ ስሙ ካልታወቀ፣ ትናንት ውድ የነበረው ተክል ዛሬ «አንድ ቢጫ አበባ» ብቻ ይሆናል። አስተዋይ ገበሬ ለዚህ ሲል የእርሻውን ካርታ በወረቀት ይይዛል፤ በየትኛው መስመር፣ በስንተኛው ቦታ ምን እንደተተከለ ይጽፋል።

እርሻውን የሚያሰጉት ነገሮች

አጋዘን የዴይሊሊን እምቡጥ ይወዳል። በአንድ ሌሊት ገብቶ የሳምንቱን አበባ ሊበላው ይችላል። ከፍ ያለ አጥር ደግሞ ውድ ነው።

ሌላው ጠላት ዋግ ነው። ዋግ በኢትዮጵያ የስንዴ ገበሬ በደንብ የሚያውቀው በሽታ ነው። ቅጠሉ ላይ የብረት ዝገት የመሰለ ዱቄት ያወጣል። የዴይሊሊው ዋግ ከስንዴው ዋግ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱም «ፑክሲኒያ» ከሚባለው የፈንገስ ወገን ናቸው። በአሜሪካ በዴይሊሊ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ብዙ ጊዜ ተክሉን አይገድለውም፤ ግን ቅጠሉን ያበላሻል። ዋግ ያለበትን ተክል ለደንበኛ የሚልክ ገበሬ ደግሞ ስሙን ያጣል።

ሦስተኛው ሥጋት ከአጋዘንም ከዋግም ይከብዳል፤ ተረካቢ ማጣት። በሚዙሪ ግዛት ሳርኮክሲ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ የታወቀ የአበባ እርሻ ተመሠረተ። ስሙ «ጊልበርት ኤች. ዋይልድ እና ልጅ» ነው። በፒዮኒ፣ በአይሪስና በዴይሊሊ ታወቀ። «እና ልጅ» የሚሉት ሁለት ቃላት ስለ ቤተሰብ እርሻ ብዙ ይናገራሉ። አባት የሚተክለው ለልጅ አስቦ ነው፤ ልጅ ግን የራሱ ሐሳብ አለው። ከተማ ሄዶ ነርስ ወይም መሐንዲስ መሆን ሊፈልግ ይችላል፤ ያም መብቱ ነው። ልጁ ሌላ መንገድ ሲመርጥ፣ ካርታውና የስም ዝርዝሩ በሚገባ ተጽፎ ከሆነ ሌላ ሰው እርሻውን ሊቀጥለው ይችላል። ሁሉም ነገር በአባት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከነበረ ግን፣ መስኩ ሙሉ አበባ እያለው ስሞቹ ሁሉ ይጠፋሉ።

በቤታችሁ ለመትከል

ዴይሊሊ ለጀማሪ የሚሆን አበባ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። አፈሩን ቆፍራችሁ ብስባሽ ጨምሩበት። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከአፈሩ በታች ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ መግባት የለበትም፤ ጠልቆ ከተተከለ አበባ ሊነሳው ይችላል። በአንዱና በሌላው መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ አትንፈጉት። ግቢ ከሌላችሁ እንደ «ስቴላ ዴ ኦሮ» ያለ አጭር ዝርያ በትልቅ ማሰሮ በረንዳ ላይ ማሳደግ ይቻላል።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ቤታችሁ ድመት ካለ ዴይሊሊ አትትከሉ። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ብናኙም የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። ድመታችሁ ትንሽም ቢሆን ከቀመሰች ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሲሞላው ተክሉ ይጠባበቅና አበባው ይቀንሳል። ያኔ በጸደይ ወይም በመከር መጀመሪያ ንቀሉትና ክፈሉት። ግማሹን መልሳችሁ ትከሉ፤ ግማሹን ለጎረቤት፣ ለአክስታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ስጡ። ስትሰጡ ግን ስሙን በወረቀት ላይ ጻፉላቸው። ስሙን በላቲን ፊደል ከጻፋችሁ በኋላ፣ ከሥሩ በአማርኛ ፊደልም ጨምሩበት።